ውበቴ የቀባችው ግድግዳ

በክረምት በእስራኤሏ ክርያት ሐይም ዝናቡ ከባሕሩ ጋር ሲያወራ ያድራል። የውበቴን ቤት ያረሰረሰው ውሃ ግን ከሰማይ አልመጣም፤ በሳሎኗ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ፈንድቶ ነው። ግድግዳው አበጠ፣ ጠቆረ፣ እንደ ቆሰለ ገላ ተላጠ። ቀኑን ሙሉ የሰው አዛውንት ስትጦር ውላ፣ እግሯን እየጎተተች ስትገባ የሚቀበላት እሱ ሆነ።

ቤቱ የራሷ ነው፤ መድንም አለው። ልጇ ሪታል ደወለችና፣ "ነገ ሻማይ ይመጣል፤ ጉዳቱን የሚገምተው ሰውዬ" አለቻት። ውበቴ የሰማችው "ሰው ይመጣል" የሚለውን ብቻ ነበር። ጎንደር ያደገች ሴት፣ እንግዳ እየመጣ ቤቷን እንዲያ ትተወዋለች? ያበጠውን ፋቀች፤ ወለሉን አደረቀች፤ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀባች።

ሻማዩ ግድግዳውን በእጁ እንኳ ሳይነካ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ከመድን ድርጅቱ የመጣው መልስ፣ "ጉዳት አልታየም፤ አንከፍልም" የሚል ነበር።

"ኢማ! ለሻማይ ቀለም ይቀባል? ሙሽራ ልትቀበይ ነው?" ብላ ሪታል እናቷን ተቆጣች።

"ታዲያ በቆሻሻ ላስገባው? ምን ይለኛል?"

እርጥበቱ በነጩ ቀለም ሥር ተመልሶ መጣ። ውበቴ ማሳል ጀመረች።

"ተይው ልጄ፣ ደክሞኛል።"

"አልተውም። እምቢ ያሉበትን ምክንያት በዝርዝር እንዲጽፉልሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። የራሳችንን ሻማይ አምጥተን ይግባኝ እንላለን። ካልሰሙን መድኖችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት እንላለን፤ ፍርድ ቤትም አለ። አንቺ ብቻ መጥረጊያ እንዳትነኪ!"

"ቤሰደር፣ እሺ" አለች ውበቴ በተሰበረ ድምፅ።

የራሳቸው ሻማይ ኦረን የሚመጣበት ጠዋት፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ተቀመጠች። ጥግ የቆመውን መጥረጊያ እያየች አንጎራጎረች፦

ቤቴን እንባ ሞላው፣ ሲወርድ ከግድግዳ፣
ጠራርጌ ደበቅሁት፣ አፍሬ ከእንግዳ።

ኦረን የእርጥበት መለኪያውን ወደ ነጩ ቀለም ሲያስጠጋው መሣሪያው ጮኸ። ቀለሙን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አደረገው፤ ጥቁሩ ብቅ አለ።

"ውሃው እዚሁ ውስጥ ነው። እጽፈዋለሁ" አለ በዕብራይስጥ።

ውበቴ ወደ ልጇ ዘንበል ብላ፣ "ቤቴ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም በይልኝ" አለች።

ሪታል ነገረችው። ኦረን ሳቅ አለና፣ የመድኑ ሻማይ ዳግም መጥቶ እስኪያይ ምንም እንዳይነካ አደራ ብሎ ወጣ።

የተፋቀው ቀለም ወለሉ ላይ እንደ በረዶ ተበትኖ ቀረ። ውበቴ ተነሥታ መጥረጊያውን አነሳች፤ ልጇን አየች፤ መልሳ ጥጉ ላይ አቆመችው።

"በይ፣ ይምጣና ይየኝ እንግዲህ" አለች።