ደረጃውን የማይወርዱት

ኮሌጅ ውስጥ የቱሪዝም ተማሪዎች ሳለን፣ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ቤተ ክርስቲያን መርጠን ክፍሉን እንድናስጎበኝ አዘዙ። ከሁሉ የበለጠው አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በጉብኝት ይመራል ተባለ። እኔ ላሊበላ የተወለድኩ የቄስ ልጅ፣ ራሴም ዲያቆን ነኝ። ሌሎቹ ለምን እንደሚደክሙ አልገባኝም ነበር።

ተራዬ ሲደርስ የንጉሡን ታሪክ፣ የመስኮቶቹን ምሳሌ፣ የመጋረጃውን ትርጉም አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩት። መምህሩ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ።

ቀጥላ ከብልባላ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ተነሳች። እኔ ወደማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን፤ ወደ ውስጥ ግን አላስገባችንም። ቤተ ክርስቲያኑ ከተፈለፈለበት ጉድጓድ አፋፍ ፈንጠር ብለን እንድንቀመጥና ዓይናችንን እንድንጨፍን ጠየቀችን።

«ደረጃውን መውረድ ያቃታቸው ሰዎች እዚህ ቆመው ያስቀድሳሉ» አለች። «የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። እኔ የምቆመው አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ጎን ነው። ብርድ ሲሆን ጋቢያቸውን ያካፍሉኛል። ማን እንደሚቀድስ በድምፁ ይለዩታል።»

መምህሩ ሰዓታቸውን ረሱት። መሪነቱም የእሷ ሆነ።

ቀናሁ። ለጓደኞቼ «ውስጡን ስለማታውቀው ነው ጉድጓድ ያሳየችን» አልኳቸው፤ ማንም አልሳቀልኝም። ሴትዮዋንም የፈጠረቻት መሰለኝ። ውሸቷን ላጋልጥ ብዬ በሚቀጥለው እሑድ ከቤት እንደ ወትሮዬ ቀድሜ ወጣሁ፤ ግን መቅደስ አልገባሁም። ወደ አፋፉ ሄጄ ከሰዎቹ ኋላ ቆምኩ።

ልጅቷ እውነቷን ነበር። ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ጋቢ ተከናንበው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ከታች አንድ ሌላ ዲያቆን «ለጸሎት ተነሡ» ሲል ሴትዮዋ አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«ዛሬ የልጄ ድምፅ የለም» አሉ። «አሞት ይሆን እንዴ?»

እናቴ ናት። ደረጃውን መውረድ እንዳቆመች ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም የት ቆማ እንደምታስቀድስ ጠይቄያት አላውቅም።

«አይዞዎት እማማ፣ ተራው ሳይሆን ቀርቶ ነው» አለች ልጅቷ፤ ክንዷንም ሰጠቻት። እናቴ ተደገፈቻት። መሪነቱን ስትወስድብኝ እንኳ እንዲህ አልቀናሁባትም።