የእኔ አበባና የአማቴ አበባ

ጎንደር ተድሬ የገባሁበት ቤት ጣሊያን ሠርቶት የወጣ፣ ባለመስታወት መስኮት ቤት ነበር። መስኮቱ ሥር፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አማቴ ከጣሊያናዊት ጎረቤታቸው የተረከቡት ቀይ አበባ ነበር። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትሸኝ፣ «ብርድ አይወድም፣ ከቤት እንዳታወጪው» ብላቸው ሄደች አሉ። አማቴ አደራ ጠባቂ ናቸው። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፣ ፀሐይ ስትዞር ቆርቆሮውን ያዞራሉ። ለእኔ እንኳ እንዲያ አይጨነቁም ነበር።

ማጠጣቱን ለእኔ ሰጡኝ፣ ከነሕጉ። የወር አበባ ያየች ሴት የነካችው ተክል ይደርቃል ይባላል። ስለዚህ የእኔ አበባ ሲመጣ ጣሳውን ለእሳቸው አስረክባለሁ። ሲቀበሉኝ በረዥሙ ይተነፍሳሉ። ጎረቤቱ ሕጉን ያውቃል፣ በመስኮቱም ያያል። አማቴ ሲያጠጡ ከታዩ ምራታቸው ዛሬም አላረገዘችም ማለት ነው። የሆዴ ጉዳይ በመስኮት ሲታይ እንዴት ያናድደኝ እንደነበር!

በጥምቀት የባሌ አጎት ከዳባት መጡ። የባሌ አባት ከሞቱ ወዲህ የዚያን ቤት ነገር የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። «እስከ ፋሲካ ካላረገዘች ወደ አይከል፣ ወደ አባቷ ቤት ትሸኝ» ብለው ሄዱ። ባሌ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው። «አንተስ ምን አልክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሳቸው እኮ አባቴ ማለት ናቸው» አለኝና በማግስቱ ወደ አዲ አርቃይ ጭኖ ወረደ። እወደው ነበር። ያን ቀን ግን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ምስር ለቅሜ ሳልጨርስ ብድግ እላለሁ፤ መስኮቱ ዘንድ ሄጄ ቅጠሉን እነካለሁ፣ ሆዴን እዳስሳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ።

በጾሙ አጋማሽ አማቴ ልጅ ሊለምኑልኝ ጠበል ሄዱ። አበባው እምቡጥ ይዞ ነበርና፣ «አደራሽን» አሉኝ። በሄዱ ማግስት የእኔው መጣ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ጣሳውን የማስረክበው ሰው እንደሌለ ገባኝ። የመጋቢት ሙቀት ነው፤ ቅጠሉ ጠወለገ። ጎረቤት ብጠራ አገር ይሰማል፤ ዝም ብል አደራቸው ይሞታል። ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩና፣ «ከደረቅንም አብረን እንድረቅ!» ብዬ አጠጣሁት። ከዚያ ደግሞ ቢጫ ቅጠል ፍለጋ ከአጠገቡ መራቅ አቃተኝ።

አማቴ ሲመለሱ አበባው ፈክቶ ጠበቃቸው። ፊታቸው በራ፤ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሆዴን አዩ። ከዚያ ሊታጠቡ ጓሮ ወጡ፤ ከነጠላ ሥር ደብቄ ያሰጣሁትን ጨርቅ አይተው ተመለሱ።

«አንቺ ነሽ ያጠጣሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በዚህ ላይ ሆነሽ?»

«አዎ።»

አበባውን ብዙ ተመለከቱት። «የእኔም አማት ጓሮዋን አላስረግጥ ብላኝ ነው የኖረችው» አሉ። «ጎመኗ በጠወለገ ቁጥር በእኔ ይሳበብ ነበር።» ሊሸኙኝ ይሁን ሊያስቀሩኝ ሳላውቅ ፋሲካ ደረሰ።

አጎትየው በፋሲካ ሳምንት መጡ። ያን ዕለት ጠዋት የእኔ አበባ መጥቶ ነበር፤ አማቴም ያውቃሉ። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«እህሳ፣ ምን ወሬ አለ?» አሉ አጎትየው፣ ገና ሳይቀመጡ።

አማቴ ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «አያ፣ ይኸው ከመጋቢት ጀምሮ አበባውን የምታጠጣው እሷ ናት። እኔ ጣሳውን ነክቼ አላውቅም።»

አጎትየውም የቤቱን ሕግ ያውቃሉ። «ሸጋ! ሸጋ ነው!» አሉና ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ቆምሽ፣ ልጄ? ጣሳውን አንሺና አጠጪ እንጂ።»