የሲስተር ጥሩብርሃን ተራ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ደብረ ማርቆስ ላይ «መሣሪያውን በጋቢ የለወጠችው ነርስ» እያሉ የሚያሟትን ሴት ታሪክ ከሥሩ ስሙት። ፍርዱ የእናንተ ነው። እኔ በበኩሌ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ፤ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጥሩብርሃን የቄስ ልጅ ናት። እናቷ እማማ ወለተ ኢየሱስ በየወሩ በሚካኤል ዕለት የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ እሷ ሳትወለድ የቆመ ማኅበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ተረኛው ይደግሳል፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ተረኛው ቢታመም ወይም ሐዘን ቢደርስበት፣ ሌላው «ይቺን ዙር እኔ ልያዝልህ» ይለዋል፤ ሲቀናው ተራው ይመለስለታል። ማንም አይፈራረምም። የሰው ተራ በልቶ የቀረ ሰው በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ጥሩብርሃን «ማኅበር» የሚለውን ቃል የተማረችው እዚያ ነው፤ ጉድ ያፈላባትም እሱው ነው።

በነርስነት ተመርቃ አዲስ አበባ አንድ የልብ ክሊኒክ ተቀጠረች። እዚያ ልብን በአልትራሳውንድ ማየት ተማረች፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ኤኮ» ይሉታል። ለእናቷ በስልክ «ኤኮ እሠራለሁ» ብትላቸው፣ «እኮ ምን?» አሏት። «ኤኮ ነው እማዬ!» «እኮ! እኮ ምኑን?» ይቺ ጨዋታ በቤታቸው ዛሬም ታስቃለች።

ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጅ ሳሉ ጉሮሯቸውን ታመው፣ ሳይታከሙ ቀርተው፣ በሽታው ልባቸው ላይ የወጣባቸው ወጣቶች ከጎጃም ይመጣሉ። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ዓባይን ተሻግረው እሷ ዘንድ ሲደርሱ ብዙዎቹ ዘግይተዋል። በስክሪኑ ላይ የማይገጥመውን የልባቸውን ቫልቭ እያየች «ምነው ማርቆስ ላይ አንዲት መሣሪያ ብትኖር! ምነው በጊዜ ባየናቸው!» ትላለች። ሌላ ሕልም አልነበራትም። ባልም አላሳሰባት፣ ቤት መሥራትም አላሳሰባት።

በ1996 ዓ.ም. የልብ አልትራሳውንድ ባለሙያዎች ተሰባስበው አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ያኔ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ሊቀመንበርነቱ ልፋት እንጂ ጥቅም ስለሌለው ማንም አልተሽቀዳደመበትም፤ «ጥሩዬ ትያዘው» ተባለ፣ ያዘችው። አዳራሽ የለመነችም፣ በየቢሮው ደጅ የጠናችም እሷ ናት። የውጭ ለጋሾች አንድ ተንቀሳቃሽ የኤኮ መሣሪያ ከነአሠልጣኙ ለመስጠት ቃል ሲገቡ፣ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ወሰነ፤ መሣሪያው የሚተከለው ደብረ ማርቆስ፣ የሚሠለጥኑትም የዚያው ሆስፒታል ሠራተኞች። ያን ዕለት ጥሩብርሃን አለቀሰች። ማርቆስም ወሬውን ሰምቶ «የቄስ ልጅ አኮራችን» አለ።

መሣሪያው ሳይደርስ ግን በ1998 እማማ ወለተ ኢየሱስ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ጥሩብርሃን ጓዟን ጠቅልላ ማርቆስ ገባች፤ ሆስፒታሉም በነርስነት ቀጠራት። ይኸኔ ነው አካለ ወልድ የመጣው።

አካለ ወልድ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ድቁና ተቀብሏል፣ ቅኔ ቤት ቆይቷል፣ ምላሱ ማር ነው። አዲስ አበባው ክሊኒክ ሲቀጠር እጁን ይዛ ኤኮ ያስተማረችው ጥሩብርሃን ናት፤ እሱም «እህት ዓለም» ይላት ነበር። ማርቆስ ድረስ መጥቶ፣ እናቷን ጠይቆ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ አላት፦

«እህት ዓለም፣ አንቺ አሁን አስታማሚ ነሽ። ዓባይን እየተመላለስሽ ማኅበር መምራት አይሆንልሽም። ይቺን ዙር እኔ ልያዝልሽ። እማማ ሲሻላቸው ተራሽ ይመለሳል።»

«የማርቆሱስ ነገር?» አለችው።

«ምን ነካሽ! እኔስ የጎጃም ልጅ አይደለሁ? እንደ ሚካኤል ማኅበር ቁጠሪው።»

እንደ ሚካኤል ማኅበር! አያችሁ፣ ሰፈሯን የማያውቅ ሰው ቢሆን ይህን ቃል ከየት ያመጣዋል? የትኛው ክር ሲሳብ እንደምትመጣ ያወቀው አገሯን ስለሚያውቅ ነው። እማማ ወለተ ኢየሱስም ተኝተው «ተባረክ ልጄ» አሉት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ጥሩብርሃን ተነሥታ «ተራዬን ለአካለ ወልድ ለቅቄያለሁ» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ። እሷም አጨበጨበች።

ሁለት ዓመት አልፎ እናቷ ምርኩዝ ይዘው መሄድ ሲጀምሩ ደወለችለት። «ቢሮ እያደራጀሁ ነው እህት ዓለም፣ አሁን ብለቅ ይበላሻል፤ አንድ ዙር ብቻ ታገሺኝ» አላት። ታገሠች። ማኅበሩ በእርግጥ አድጓል፤ ቢሮና ጸሐፊ አለው፣ አባሉ ከየክልሉ ነው፣ ስሙ በሬዲዮ ይጠራል። ማርቆስ ላይ ደግሞ አስታማሚው ሁሉ «ሲስተር፣ መሣሪያው መቼ ነው?» ይላታል። «ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

የ2002 ጉባኤ በትልቅ ሆቴል ተደረገ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ወጣት ሐኪሞች፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች፣ ካሜራ። አብዛኞቹ ጥሩብርሃንን አያውቋትም። ጥያቄ ሲፈቀድ እጇን አወጣች።

«ሊቀመንበር፣ ተራዬ የሚመለስበት ጊዜ አልፏል። ተራውስ ይቅር። የማርቆስ መሣሪያ የት ደረሰ?»

አካለ ወልድ ፈገግ አለ። «ሲስተር ጥሩብርሃንን አመሰግናለሁ። እርስዎ መሥራቻችን ነዎት።»

እርስዎ! በአንድ ሳህን የበላች እህት ዓለም በአንድ ጊዜ «እርስዎ» ሆነች። አክብሮት መስሎ በሩን ዘጋባት።

«እንደሚያስታውሱት፣ እርስዎ በዚሁ ጉባኤ ፊት በፈቃድዎ ለቅቀዋል» ሲል ቀጠለ። «መሣሪያው ገብቷል። ማኅበሩ እያደገ በመሆኑ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ለማዕከላዊ ማሠልጠኛ እንዲውል አመራሩ ወስኗል።»

«እኔ የለቀቅሁልህ በአደራ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ይቺን ዙር ልያዝልሽ ብለህ! እንደ ሚካኤል ማኅበር ብለህ!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። የጽዋ ማኅበር ከኤኮ ጋር ምን አገናኘው? አካለ ወልድም ሳቁን ጠብቆ «ሲስተር፣ የኛ ማኅበር እኮ ጽዋ የለውም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰሙ ለአዳራሹ ነበር፤ ወርቁ ለእሷ። ጽዋ ከሌለ ተራ የለም፣ ተራ ከሌለ የሚመለስም የለም። ቅኔ ቤት የተማረውን በእሷ ላይ አወጣው፣ አደራ በላ!

ቀጥሎ ምን አደረጉ መሰላችሁ? «የክብር አባል» ብለው ወደ መድረክ ጠሯትና ጋቢ አለበሷት። ያለበሳት ራሱ ነው፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። ካሜራው ፊት ወርውራው ብትወጣ ደግ ነበር። ይሉኝታ አሰራት። የቄስ ልጅ በሰው ፊት ልብስ አትጥልም። አንገቷን ደፍታ ጋቢውን እንደለበሰች ወረደች።

ማርቆስ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አብራት የምትሠራው ነርስ ሥራነሽ ፊት ለፊት «መሣሪያ ልታመጪ ሄደሽ ጋቢ ደርበሽ መጣሽ?» አለቻት። አካለ ወልድ ለሚጠይቀው ሁሉ «ራሷ ናት የለቀቀችው፣ ምን ላድርግ?» ይል ነበርና፣ ከተማው የካደችን እሷ ናት አለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እሺ፣ ሞኝ ነበረች። ግን ሞኝነት ክህደት ነው? ጥሩብርሃን ያቃጠላት መሣሪያው መቅረቱ ብቻ አይደለም። ያመነችው ሰው የከዳት በገዛ አገሯ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ቤት ጽዋ ሲጠጣ ከጓዳ አትወጣም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ይዘው ሆስፒታሉ መጡ። የአካለ ወልድ እናት እማማ አመተ ሥላሴ ናቸው፤ ከደብረ ኤልያስ ብቻቸውን። እግራቸው አብጧል፣ ሁለት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። ጥሩብርሃን አስቀመጠቻቸው፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ልባቸው እንደታመመ ገባት።

«እማማ፣ ይህ በኤኮ መታየት አለበት። አዲስ አበባ ልጅዎ ዘንድ ይሂዱ።»

«ለምን እሄዳለሁ?» አሉ። «ልጄ ለማርቆስ መሣሪያ አስገብቷል አይደል? ራሱ ነግሮኛል። በሱ እይኝ።»

«ልጅዎ አላስገባም እማማ» አለች ጥሩብርሃን። «ዋሽቶዎታል።»

አሮጊቷ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ አይዋሽም! ከልጄ ጋር ቂም ይዘሻል አሉ፤ ለቂምሽ ብለሽ ደበቅሽብኝ? እኔ አሮጊቷ ምን በደልኩሽ?»

ኧረ ወገን! እኔ ብሆን ጥያቸው እወጣ ነበር። እሷ ግን ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። የራጅ ክፍሉን ከፈተችላቸው፣ ላቦራቶሪውን፣ ማዋለጃውን፣ የተሰበረ አልጋ የተከመረበትን ዕቃ ቤት ሳይቀር። እያረፉ፣ እያለከለኩ፣ በየበሩ እየቆሙ አዩ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«በቃኝ። አየሁ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እጇን ያዙ። «ጥሩብርሃን ልጄ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ይቺን ለሰው አትንገሪብኝ። የልጄ ስም እንዳይጠፋ። አንቺ እንደሁ ሐሜቱን ለምደሽዋል።»

በኮሪደሩ የሚያልፈው ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ይሰማል፤ ሥራነሽም አለች።

«አልለመድኩትም፣ እማማ» አለች ጥሩብርሃን፣ ሁሉም እስኪሰማት። ከዚያ ትንፋሻቸው እንዲቀልል ከጀርባቸው ትራስ አደረገችላቸው።