ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ብዬ የለየኋቸው ካርዶች

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ስፈታ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ያን ሽታ የማውቀው ከወረታ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚያ ለአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነበር።

የንድፍ ተማሪዎቻችን የብቃት ምዘና ሊፈተኑ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። የቤት ፕላን የሚሠሩበት ፕሮግራም ግን በእኛ ማሽኖች አልከፈት አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙና የግራፊክስ ካርዱ የሚግባቡበት ዳይሬክትኤክስ የሚባል ቋንቋ አለ። ካርዱ የዚህን ቋንቋ ዘጠነኛ ዕትም ካልቻለ ሥዕል አይወጣም። ንብረት ክፍል ውስጥ በእርዳታ የመጡ አርባ የሚሆኑ አሮጌ ካርዶች ነበሩ። እስከ ሰባት፣ እስከ ስምንትና እስከ ዘጠኝ የሚችሉትን እንድለይ ታዘዝኩ።

መለየቱ አንገበገበኝ። ስሙ አዲስ፣ ሆዱ አሮጌ የሆነው ስንት ነው! የሞዴል ቁጥሩ ከፍ ያለው ከሰባት አያልፍም፤ ዝቅ ያለው ዘጠኝን ይችላል። ከኢንተርኔት እንዳላይ፣ ያኔ በስልክ ሽቦ ነበር የሚመጣው፤ ክረምት ሆኖ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፣ ስልኩም ተቋርጧል። ስለዚህ እያንዳንዱን እሰካለሁ፣ ማሽኑን አስነሳለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ነቅዬ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥሩን እጽፍበታለሁ። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አምስት ቀን ፈጀብኝ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ በየመጠናቸው ተደርድረው፣ ተወልውለው ያበራሉ። አንድም ፕላስተር የለም።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ነበሩ። ፈገግ ብለው፣ "ከዞን ንብረት ሊያዩ ይመጣሉ ሲሉ ጊዜ አጸዳሁልሽ፤ ያ ሁሉ ልጥፍጥፍ አስቀያሚ ነበር" አሉኝ።

ተማሪዎቹ ፊት ጮኽኩባቸው። "ማን ይንኩ አለዎት? የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካካሉ?"

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። "አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "አንች ልጅ፣ ምሳ በላሽ?" ይሉኝ የነበሩ ሰው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ዱካ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። "እኔ ልሰካ፣ እርስዎ ያንብቡ።" ለካ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነበራቸው። ካርዶቹ ለምን በመልካቸው እንደማይለዩ ስነግራቸው፣ "በሬም በቀንዱ አይታወቅም፤ ጠምደው ነው የሚያዩት" አሉ። በሁለተኛው ቀን እኔ ተሰላችቼ ስምንት ብዬ ያለፍኩትን፣ "ኧረ ይድገሙት" ብለው አስደገሙኝ፤ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ጨረስን። ዘጠኝን የቻሉት ለተማሪዎቹ በቁ፣ ሁሉም ተፈተኑ፣ ከሁለት ልጆች በቀር አለፉ።

"እባክዎ እንደ ድሮው አንቺ ይበሉኝ" ብያቸው ነበር። "መምህርት አይደሉም እንዴ?" አሉ፣ ያለ ቂም። ካርዶቹ ካናደዱኝ በላይ ይኼ አናደደኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። መናኸሪያ ድረስ መጥተው ከማሳቸው የሰበሰቡትን ሩዝ በትንሽ ከረጢት ሰጡኝ። "ለእናትዎ ይስጡልኝ። ውኃ እንዳያበዙበት ይንገሯቸው።" ይቅርታ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ረዳቱ ግቡ ግቡ ሲል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ብዬ ገባሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸውን ፈልጌ ወደ ማሠልጠኛው ደወልኩ። ጸሐፊዋ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

"ካረፉ ስድስት ወራቸው ነው" አለችኝ። "ቢሮ በገቡ ቁጥር፣ 'ያች ልጅ ደውላ ታውቃለች?' እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።"