አክስቴ የጠየቀችኝ ወፍራም ቡና

ያለ አስተማሪ ማንበብ የተማርኩ፣ ቡናን በመዓዛው ብቻ የምለይ ሰው ነኝ፤ በሶዶ ይህን የማያውቅ የለም። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ የቀረበልኝ ቡና ግን ጥቁር ውሃ ነበር፤ አክስቴን አስታወሰኝ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ታማ አልጋ ያዘች። ምግብ እንቢ ብላ «አንድ ወፍራም ቡና ብቻ» አለችኝ። በዴሳና ቤሌ የሚባሉትን ከተሞች ዞሬ ከገበያቸው የተሻለውን አመጣሁላት። ቀመሰችና ሳቀች።

«አንተ ጉረኛ፣ ይሄ ገለባ ነው! ጥሩውን ፍሬ ነጋዴ ለውጭ አገር ጭኖታል። በል፣ ከጓሮ ቅጠሉን ቀንጥስልኝ።»

እንደ አገራችን ልማድ የቡናውን ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ወቅጬ አፈላሁላት። እያላባት ጨለጠችው።

«ይሄስ ይቆነጥጣል» አለች። «ጥሩውን ፍሬ ደግሞ ስታገኝ ታመጣልኛለህ።»

ከዚያ ወዲህ በራሴ ማንበብ ተማርኩ፤ ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ፤ ልጆቼን አስተማርኩ፤ አክስቴን በወግ ቀበርኩ። ፍሬውን ገና እየፈለግሁላት ነው።