ጉንቮር የዘጋችውን ማን ይከፍታል

ጉንቮር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዬቭሌ ከተማ ለትምህርት ቤት ልጆች ድንችና ዓሣ ስትቀቅል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ያን ሁሉ ድስት ያነሳ ክንዷ ዛሬም አልሰለለም። ዘጋች ማለት ዘጋች ነው፤ እሷ የዘጋችውን የእንጆሪ ማርማላታ ለማስከፈት እህቷ ስንቴ ጎረቤት ጠርታለች!

ስኳር በሽታ ከያዛት አርባ ዓመት አልፏል። መድኃኒቷን በየቀኑ ትወጋለች። አንዳንዴ ታዲያ የደሟ ስኳር በድንገት ይወርድና እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል። ያኔ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ካልቀመሰች ራሷን ትስታለች። ስለዚህ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከጎኗ አይለይም። ሁለት ጉንጭ ትጠጣና ጋዙ እንዳይወጣ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ብክነት አትወድም።

ከሦስተኛ ፎቁ ሂልዲንግ በቀር ከምትኖርበት ሕንፃ ሰው ሁሉ ጋር ሰላም ናት። ከእሱ ጋር ግን አራት ዓመት ዓይንና ናጫ ሆነው ከርመዋል። የጠባቸው መነሻ ነዋሪው ሁሉ ሰዓት ይዞ በየተራው የሚያጥብበት የምድር ቤቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ሂልዲንግ ተራው ስምንት ሰዓት ከሆነ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ሦስት ደቂቃ ብታሳልፍበት አንሶላዋን እንደረጠበ አውጥቶ ኮሪደር ላይ አስቀመጠባት። «ይሄ ሰው አይደለም፣ የግድግዳ ሰዓት ነው» እያለች ላገኘችው ሁሉ ታማዋለች።

ባለፈው ኅዳር፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ልብሷን እያጠፈች ሳለ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠርሙሱን ከቅርጫቷ አወጣች። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። በሽርጧ ይዛ ጠመዘዘችው፣ በጥርሷ ነከሰችው፤ እምቢ አለ። ያ ጉደኛ ክንድ ጨርቅ ሆነ። ጉልበቷም ከዳትና ማሽኑን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደረጃውን መውጣት የማይታሰብ ነው። ብትጮህም የሚሰማ የለም፤ በሰው ተራ ወደዚያ ክፍል መውረድ እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

«በገዛ እጄ!» አለች፤ ዓይኗ እየጨለመ።

በሩ ተከፈተ።

«ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ክፍሉ ግን አሁንም…» ሂልዲንግ ወለሉ ላይ ሲያያት የያዘውን ልብስ ጣለ። «ጉንቮር! ምን ሆንሽ?»

«ስኳሬ… ክፈትልኝ።»

ታገለው። እሱም ቀጫጫ ሽማግሌ ነው፤ አቃተው። «ምን በልተሽ ነው የዘጋሽው አንቺ ሴትዮ!» ወደ ገንዳው ሮጦ የሞቀውን ውሃ በክዳኑ ላይ ለቀቀበት። «እንዳትተኚ! አዋሪኝ!»

«አንተው… አውራ።»

«ሃያ ዓመት ለስላሳ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። የጠርሙሱ አፍ ላይ የቀረው ጣፋጭ የክዳኑ ጥርስ ውስጥ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ጋዙ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጥርስ ከጥርስ ይነካከሳል። በዚያ ላይ ያንቺ ጉልበት ሲጨመርበት! ሁለተኛ አፉን ጠርገሽ ቀስ አድርገሽ ዝጊው፣ ሰማሽ?»

ክዳኑ ተንፍሶ ዞረ። ሂልዲንግ ተንበርክኮ ራሷን ደግፎ አጠጣት። ከዚያ የገዛ ኮቱን አልብሷት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆዩ፤ የፊቷ መልክ ቀስ በቀስ እየተመለሰ መጣ። ልብሱ እንደወደቀ ነው፣ ማሽኑም ባዶውን ቆሟል።

«ተራህ እያለፈ ነው እኮ» አለችው።

«ይለፍ።»

«አምስት ደቂቃ ዘግይተህ ቢሆን ኖሮ…»

ሂልዲንግ ቅር አለው። «እኔ? መቼ ዘግይቼ አውቃለሁ?»

ጉንቮር ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«አታውቅም» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሂልዲንግ። አንድ ቀን እንኳ ዘግይተህ አታውቅም።»