ለኪሮስ ፒካፕ የመረጥሁት ካምሻፍት

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከኒሯቅ ስንመለስ የሆነውን ልንገራችሁ... እስካሁን ሳስበው ልቤ ድው ድው ይላል።

መጀመሪያ መኪናዋን እወቋት። የልጄ የኪሮስ አሮጌ ፒካፕ ናት። ኪሮስ ታሞ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። በሕይወት ሳለ ሰውና ፍየል ጭኖ ከኒሯቅ ሰቆጣ ያመላልስባት ነበር። ችግሯ ዳገት ነው። ወደ ሰቆጣ የሚያስወጣው ትልቁ ዳገት ስር ስትደርስ ማቃሰት ትጀምራለች። ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ ዘሎ ይወርድና ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ይከተላታል። ከቆመች ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ስር ለማስገባት ነው።

ኪሮስ «እማየ፣ አንድ ቀን ሰው ሳይወርድ አወጣታለሁ» ይለኝ ነበር። ሳያወጣት ሄደ።

አሁን የምትነዳት እህቱ ዙፋን ናት። በቅርቡ ሞተሯ ይንኳኳ ጀመርና ሰቆጣ ወደሚገኘው ወደ ሞላ ጋራዥ ወሰድናት። ኪሮስን ሙያ ያስተማረው እሱ ነው። ሞላ ፈትቶ አየና «ካምሻፍቱ ተበልቷል» አለ። ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው ብሎ አስረዳኝ። «ከተቀየረ አይቀር ጉልበት የሚጨምር እናስገባላት» አለና አዲስ አበባ ያለ ዕቃ ሻጭ የላከለትን የሁለት ካምሻፍት ፎቶ በስልኩ አሳየን።

ዙፋን አንደኛውን ገና ስታየው ጮኸች።

«ይሄ እኮ ነው! ኪሮስ የሚፈልገው ይሄ ነው!»

የወንድሟን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። እውነትም ያው ፎቶ አለበት። ልጄ አልጋ ከያዘ በኋላ እየደጋገመ ሲያየው የነበረ ነው... የልጄ ምኞት ከሆነማ ምን ምርጫ አለኝ ብዬ እሺ ልል ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ አልሁ።

«ሞላ፣ ይሄ ጉልበቱን የሚሰጠው መቼ ነው?»

«ሞተሩ ሲጮህ ነው፣ የኪሮስ እናት። አስፋልት ላይ ከለቀቁት ንፋስ ነው!»

«ቀስ ሲልስ?»

ራሱን አከከ። «ቀስ ሲልማ... ከድሮውም ይሰንፋል።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው እምብዛም አይሮጥም። ቀስ ብሎም ቢሆን ግን ይጎትታል።»

«እኛ ዳገቱን የምንወጣው እንዴት ነው?»

ዙፋን ሳታስበው ሳቀች። «አህያ እየቀደመን!»

«እንግዲያው የሚጎትተውን አስመጣልን» አልሁ።

ሳቋ ጠፋ። «እማየ፣ የመረጠው እኮ እሱ ነው!» አለችኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ፎቶውን የመረጠው ዳገቱ ላይ ሰው እንዳይወርድ ብሎ ነው» አልኋት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ልጄን የከዳሁት እየመሰለኝ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ዕቃው መጣ፣ ተገጠመ። ያን ቅዳሜ ኒሯቅ ወርደን ስምንት ሰውና ስድስት ፍየል ጫንን። ጋቢና ውስጥ እኔ፣ ዙፋንና «ድምፁን ልስማ» ብሎ የመጣው ሞላ ነን። ዳገቱ ስር ስንደርስ ዙፋን ማርሽ ቀየረች። ሞተሩ ወፍራም ድምፅ አወጣ... አላቃሰተም። ጎተተ!

«እማየ፣ ይሰማሻል? ይሰማሻል?»

«ንጂ! ንጂ!» እላለሁ እኔ። ኀዘን የለበስሁ ሴት እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አንድም ጊዜ ሳንቆም አናቱ ላይ ወጣን። ዙፋን መሪውን ሳመችው። ሞላ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ምነው ሞላ?»

«የኪሮስ እናት... ሰው የለም።»

ወርጄ ባይ ፍየሎቹ ብቻ ናቸው፤ ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። ከታች ከዳገቱ መሃል ስምንቱም ድንጋይ ድንጋያቸውን ታቅፈው እየጮሁ ይሮጣሉ። ለካ ገና ዳገቱን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ዘለው ወርደዋል!

ፍየል ነጋዴው ሀጎስ ቀድሞ ደረሰ። ላቡ ይንቆረቆራል።

«ፍየሎቼን ይዛችሁ ልትጠፉ ነው?»

«ማን ውረዱ አላችሁ?» አለችው ዙፋን።

«ዳገቱ ነዋ!»

ሞላ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ባዶዋንማ ማን አትወጣም አለ?

«ወደ ታች እንመለስ» አልሁ። «ሁላችሁም ተሳፈሩ።»

«እናታችን፣ ምን ነካዎት? ወጥተን ጨርሰን?» አለ ሀጎስ።

«እናንተ ወጣችሁ። እሷ ግን እናንተን ይዛ አልወጣችም። ኪሮስ ያለኝ እንደዚህ አልነበረም።»

የልጄን ስም ስጠራ ሀጎስ ድንጋዩን ወረወረና ከሁሉ ቀድሞ ተሳፈረ።

በሁለተኛው እኔም ከኋላ ከነሱ ጋር ተቀመጥሁ። «የሚዘል ሰው ካለ እግሩን ነው የምይዘው!» አልኋቸው። ዳገቱ መሃል ስንደርስ የሀጎስ እግር መቁነጥነጥ ጀመረ።

«ተቀመጥ!»

«እኔ ተቀምጫለሁ እናታችን፣ እግሬ ነው እንቢ ያለኝ!»

ጋቢውን ጨምድጄ ያዝሁት። መኪናዋ ትጎትታለች... ትጎትታለች... ቀስ ብላ፣ ሳትንተፋተፍ። ከሰውም ከፍየልም አንድ ሳይወርድ አናቱ ላይ ቆመች። ከመሃላችን አንዷ ሴት እልል አለች። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተከተልኋት። ሳቁ የቱ ጋ አልቆ ልቅሶው የቱ ጋ እንደጀመረ አላውቅም። ዙፋን ከጋቢና ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አወጣናት እማየ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ኒሯቅ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጥቻለሁ። ኀዘንተኛ ሴት በመኪና ምን ያዞራታል ብሎ የሚያማኝ ካለ... ይምጣ፣ ከኋላ ቦታ አለ።